እንቆቅልሽ! — ምን አውቅልህ? የማታ ጨዋታችን አጭር ታሪክ፣ ለወጣት ወላጆች



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና አንብቡት። በተለይ ትናንት ክፍል ውስጥ "ቲቸር" ትሉኝ የነበራችሁ፣ ዛሬ የሁለትና የሦስት ልጆች እናትና አባት የሆናችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። "በሳምንት አንድ ማታ ከልጆቻችን ጋር ቤት ውስጥ የተለየ ጊዜ ማሳለፍ እንፈልጋለን፤ ግን ምን እናድርግ?" ትላላችሁ። ፊልም ስትከፍቱ እናንተ ቀድማችሁ ታንቀላፋላችሁ። መጫወቻ ስትገዙ በሁለተኛው ቀን ግማሹ ሶፋ ሥር ይገባል። ቁጭ ብላችሁ "እስቲ እናውራ" ስትሉ ደግሞ ልጁ "ውሎህ እንዴት ነበር?" ለሚለው ጥያቄ "ደህና" ብሎ ዝም።

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የሕፃናት ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ በማውቀው በኩል ልምጣ። ይህች አገር የቤተሰብ ማታ ታውቅ ነበር። ያ ማታ ደግሞ እንዲሁ ሰው ስለተሰበሰበ ብቻ የሚደምቅ አልነበረም። ሥርዓት ነበረው። የሥርዓቱ እምብርት ምን ነበር ብትሉኝ በአንድ ቃል እመልሳለሁ፦ ተራ። ልጅ ተራ ይደርሰዋል። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው።

ሕጉ የሚገለበጥበት ሰዓት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። የድሮውን ማታ ስናወራ ማሳመር ይቀናናል። የገጠሩ ማታ ግን ድካምም ነበር። ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ከብቱን በረት አስገብቶ ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። እናት ወፍጮ ላይ ናት፣ ከወፍጮ ስትነሳ እንዝርት ታነሳለች። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ሥራ አታጣም። ትልልቆቹ ራት ሲበሉ ልጅ ቆሞ ኩራዝ ወይም ጧፍ የሚይዝበት ቤት ብዙ ነበር። በትልቅ ሰው ወሬ መሀል ጥልቅ ያለ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። "ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር!"

ታዲያ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ራት ተበልቶ እሳቱ ሲቆሰቆስ፣ ቆሎው ወይም ንፍሮው ሲቀርብ፣ ይህ ሕግ የሚገለበጥበት ሰዓት ይመጣል።

"እንቆቅልሽ!"

"ምን አውቅልህ?"

ይህን የሚለው ልጅ ስድስት ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ተጠያቂዋ አያቱ ናቸው። ቅድም ኩራዝ ይዞ ቆሞ የነበረው ልጅ አሁን ጠያቂ ሆኗል፤ ትልልቆቹ ደግሞ መልስ ፍለጋ ጭንቅላታቸውን ያካሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይደለም፦ ጭስ፣ ጥላ፣ እንቁላል፣ ምላስ፣ ወፍጮ። ቀኑን ሙሉ ዓይን ሲያየው የዋለ ነገር ነው። ልጁ የሚማረው በየቀኑ የሚያየውን ነገር እንደ አዲስ ማየት ነው።

አያት ካላወቁስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። "አገር ይስጡኝ!" ይላቸዋል። ጎንደርን ይሰጡታል። ካልጣመው "አይ፣ ይሄን አልፈልግም" ብሎ መመለስ ይችላል። ሐረርን ይጨምሩለታል። ከተስማማ አገሩን ተረክቦ እዚያ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን እንደተቀበለው ይዘረዝራል። ያላወቀውን ሰው ደግሞ በቀልድ ይሰድባል። ስድቡ ለእኩያ ሲሆን ይጠነክራል፣ ለአያት ሲሆን ይለዝባል። ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው።

እስቲ አስቡት። ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ማታ ማታ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጎጃምን፣ ጅማን ሲቀበልና ሲያስረክብ ያድራል። እኔ የጂኦግራፊ ካርታ ሰሌዳ ላይ ከመስቀሌ በፊት የአገሩን ስም በጨዋታ ያወቀ ስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ!

ይህ የአማርኛ ተናጋሪው ብቻ ሀብትም አይደለም። በኦሮምኛ ጠያቂው "ሂቦ!" ሲል ሌላው "ሂባካ!" ይላል። ጠያቂና መላሽ፣ ተራ በተራ። ቋንቋው ይለያያል እንጂ ሥርዓቱ ይመሳሰላል።

ተረቱም እንደዚያው ነው። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" የሚል ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። አድማጩ መልስ መስጠት አለበት። መጨረሻው ላይ ደግሞ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይባላል። "መልሱ" የምትለውን ቃል ልብ በሉ። ተረት ብድር ነው ማለት ነው። የሰማህ ሰው ዕዳ አለብህ፤ ነገ ማታ ተራህ ሲደርስ ትከፍላለህ። ልጅ ዝም ብሎ ተመልካች ሆኖ የሚያድርበት ማታ አልነበረም።

ከቤቷ የተወሰደች ልጅ ይዛው የወጣችው

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው፤ ታሪክ የሚያሰኘው ምኑ ነው?" የምትሉ አትጠፉም። አስቴር ጋኖን ላስተዋውቃችሁ።

አስቴር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሊሙ እናርያ አካባቢ ነፃ ሆና የተወለደች፣ ኋላ ግን በባርነት የተያዘች ልጅ ናት። በቀይ ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትወሰድ፣ የተሳፈረችበትን ጀልባ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣልያን መርከቦች ያዙትና ነፃ ወጣች። ከምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ቦታ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች። እሱም እንደሷ በልጅነቱ ተሸጦ ነፃ የወጣ ሰው ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ሥራ ይዟል። ኦነሲሞስ ወዲያው ያስተዋለው የልጅቷን የቋንቋ ችሎታ ነው። ለትርጉሙ የሚያስፈልገውን የቃላት ስብስብ እንድታዘጋጅ አደረገ። እሷም በዚያ ሳትወሰን ተረቶችን፣ ዘፈኖችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን በመቶዎች ሰበሰበች። ከስብስቡ ብዙው በ1894 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው የኦሮምኛ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። በኋላም ወደ ወለጋ መጥታ ነቀምት ላይ አስተማረች።

ይህችን ታሪክ ሳስተምር ሁልጊዜ አንድ ነገር ላይ እቆማለሁ። ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ ይዛው የምትወጣው ዕቃ የለም። ልብሷንም ይለውጡታል፣ ስሟንም ይለውጡታል። ሊወስዱባት ያልቻሉት ጆሮዋ ላይ የቀረውን ቋንቋ ብቻ ነው። ያ ቋንቋ መጽሐፍ ሆኖ ሌሎች ልጆች ማንበብ ተማሩበት። ማታ ከልጆቻችሁ ጋር የምታወሩትን ነገር "ቀልድ ነው" ብላችሁ አትናቁት የምለው ለዚህ ነው። ልጅ ከቤት ይዞት የሚወጣው ምን እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ሳጥኑ ሲመጣ

ቀጥሎ ከተማው መጣ፣ መብራት መጣ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ያለው ባለጸጋው ቤት ነበር። ሰፈር ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ካለ የጎረቤት ልጅ ሁሉ እግሩን ታጥቦ፣ ጫማውን በር ላይ ጥሎ፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። ይህን የምታስታውሱ ከእኔ ዕድሜ ጋር የምትቀራረቡ ናችሁ፤ አትደብቁ!

እዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ። ልጆችን አበባና ፍሬ እያሉ የሚጠሩት አባባ ተስፋዬ። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ነው። ባሌ የተወለዱ፣ በወጣትነታቸው ግራ እጃቸውን ያጡ፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየተጫወቱ መድረክ ላይ የቆዩ፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘው ሻለቃን ወታደሮች ያዝናኑ የጥበብ ሰው ናቸው። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው ሕፃን ሳይሆን የልጅ ልጅ ያየ ትልቅ ሰው ነበር።

አባባ ተስፋዬ የሠሩት ነገር ምን ነበር? ምድጃውን ወደ ስቱዲዮ አመጡት። እንደ አያት ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በፊታቸውና በድምፃቸው እየተጫወቱ ያወራሉ፣ አጠገባቸው ልጆች አስቀምጠው ያናግራሉ። ግን ቴሌቪዥን በተፈጥሮው አንድ ነገር ይጎድለዋል። እቤት ያለው ልጅ "የላም በረት!" ብሎ ቢጮህ መስታወቱ አይሰማውም። ተራ የሚደርሰው ስቱዲዮ ለተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ክፉ አልለውም። አንድ ብቻ ስለነበር ይሰበስብ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስርጭቱ ባለ ቀለም ሲሆንም ብዙው ቤት ገና ጥቁርና ነጩን እየተጋራ ነበር። ሁሉም ያየው አንድ ነገር ስለሆነ በመንገድ ላይ ወሬ ይኖራል። ልጁ እቤት ሲገባ ላላየችው እናቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክላታል። ተራው ከቴሌቪዥኑ በኋላ ይደርሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን የመጣው ሌላ ነው። አራት ሰው፣ አራት ስልክ። አባት ዜና፣ እናት ድራማ፣ ትልቋ ቲክቶክ፣ ትንሹ ካርቱን። ማንም ማንንም አልከለከለም፣ ማንም አልተጣላም። ግን ሁሉም ያየው የየራሱን ስለሆነ የሚተራረክ የለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ስንከት ነገሩ ገሃድ ወጣ። ጊዜ አጣን ስንል የነበርን ሰዎች ጊዜ ሞላን፤ ከዚያ ምን እናድርግ ብለን ተያየን። ለካ የጠፋብን ጊዜው ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱም ነው።

ምን ይቀርብናል?

"ቢጠፋስ ምን ይቀርብናል?" ለሚል ሰው ከሰሌዳው ፊት ሆኜ ያየሁትን ልንገረው። ስለ አድዋ ጥያቄ ስታወጣ ቀኑን፣ የመሪዎቹን ስም፣ የቦታውን ስም የሚያውቅ ተማሪ ሞልቷል። "እሺ፣ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተርክልኝ" ስትለው ግን ይጠፋበታል። "ከዚያ"፣ "ስለዚህ"፣ "ይሁን እንጂ" የሚሉት ቃላት አፉ ላይ የሉም። እነዚህን ቃላት የያዘ ተማሪ ስታገኝና ከማን ጋር እንዳደገ ስትጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ማታ ማታ የምታወራለት አያት ወይም አክስት ትወጣለች። ታሪክ ማለት እኮ ተረት የሚነገርበት ቅደም ተከተል እውነት ሲጨመርበት ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበት ቋንቋ ያጡበት ቤት ብዙ ሆኗል። ይህ ውጭ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እማማ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እናት መሀል ሆና ታስተረጉማለች። ልጁ እንግሊዝኛ መቻሉ ደስ ይለኛል። ግን አያቱ የሚያውቁትን ነገር ሳይጠይቃቸው እንዳያመልጡት እፈራለሁ።

እንግዲህ እናቅድ

ከታሪኩ ተነስተን አንድ ማታ እናዘጋጅ። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 9 ለሆኑ ልጆች ነው የምናገረው። ብር አይጠይቅም።

ቀኑ የታወቀ ይሁን። ቡሄ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የረመዳን ማፍጠሪያ ልጅ ልብ ውስጥ የሚቀሩት ቀናቸው ስለማይጠፋ፣ ልጁም የራሱ ድርሻ ስላለው ነው፤ አንዱ ችቦ ይይዛል፣ አንዱ ሙልሙል ይቀበላል፣ አንዱ ተምር ያድላል። ስለዚህ "ሲመቸን" አትበሉ። ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ካላችሁ በቃ፣ ቅዳሜ 1 ሰዓት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ አታስረዝሙት። ልጁ "ትንሽ እንጨምር" እያለ ቢያልቅ ይሻላል።

የማታው አለቃ ልጅ ይሁን። ስልክ የምትሰበስበው እሷ ናት፤ የእናንተንም ጭምር። ቅርጫት ይዛ ትዞራለች፣ ማንም ይግባኝ የለውም። የምትቀጥለውን ሳምንት ደግሞ ወንድሟ። ትልቁን መብራት አጥፉና አንድ ትንሽ መብራት ብቻ አስቀሩ። መብራት ኃይል ካጠፋላችሁም እሰየው፣ ለአንድ ቀን ጠቀማችሁ!

የሚበላ ነገር ይኑር። ለትልልቆቹ ቆሎም ፈንዲሻም ይሆናል። ከአራት ዓመት በታች ላለው ግን ጉሮሮው ላይ ሊቀር ስለሚችል ቆሎ፣ ፈንዲሻና ለውዝ አትስጡት፤ ለስላሳ ዳቦ ይበቃዋል። ቡና የምታፈሉ ከሆነ ሲኒ ማቀበሉን ለልጅ ስጡ፤ ጀበናው ግን ራቅ ይበል።

መጀመሪያ እንቆቅልሽ። ሦስት ይበቃል። አንዱን እናንተ ጠይቁ፣ ሁለቱን እነሱ። የምታውቁት ካለቀባችሁ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ እያያችሁ ፍጠሩ። ልጆች በዚህ ይበልጡናል። ሲጠይቋችሁ ደግሞ እያወቃችሁ አንዳንዴ ተሸነፉ፤ አገር ስጡ። ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ለጥፉና የተሰጠውን አገር ልጁ ፈልጎ ጣቱን ያሳርፍበት። "እዚያ ገብተህ ምን በላህ?" በሉት። አርባ ምንጭን የተቀበለ ልጅ ዓሣ ከበላ ጨዋታው ገብቶታል።

ቀጥሎ አንድ ተረት፣ አንድ ብቻ። ከተቻለ ሳታነቡ አውሩት። ተረት ካላወቃችሁ የገዛ ቤተሰባችሁን ታሪክ አውሩ፦ አያታቸው አዲስ አበባ እንዴት እንደመጡ፣ እናንተ ልጅ ሆናችሁ የፈራችሁትን ውሻ፣ ሁለታችሁ እንዴት እንደተዋወቃችሁ። (ይህኛውን ሳንሱር አድርጋችሁ!) መሀል ላይ ቆም በሉና "ከዚያ ምን የሆነ ይመስልሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ቢል ጠብቁት። እኛ ትልልቆች ዝምታ ስለሚከብደን ነው የልጅን ተራ የምንነጥቀው።

መጨረሻ ላይ "ተረቴን መልሱ" በሏቸው። ዕዳ ያለበት ልጅ በሳምንቱ ይከፍላል። ያዛባዋል፣ ጅቡን በአንበሳ ይለውጠዋል፣ ሞቶ የነበረውን ሰው አስነስቶ እራት ያበላዋል። አታርሙት። ተረት እዚህ የደረሰው እንደዚህ እየተለዋወጠ ነው። ከዚያ ዳቦ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ እንቅልፍ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ነው። የእናንተ ቁርስ ሰዓት የእማማ ምሽት መግቢያ ነው ማለት ነው። ቪዲዮ ደውላችሁ "ለአያትሽ ሰላም በያት" ብላችሁ ስልኩን ብታስጠጉላት ልጅቷ "ሃይ" ብላ ትሸሻለች፤ ምን ታውራ? እስቲ አንድ እንቆቅልሽ አስጠንታችሁ ላኳት። "እንቆቅልሽ!" ትበላቸው። አማርኛዋ ቢሰባበርም እማማ "ምን አውቅልሽ?" ብለው ሲመልሱላት ፊታቸውን እዩት። ስልክ ጠላት አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ተራ ካለበት ስልኩም ምድጃ ይሆናል።

በሉ እንግዲህ፣ ብዙ ለፈለፍኩ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ኮሜንት ላይ ቤታችሁ የሚታወቀውን ወይም ልጃችሁ የፈጠረውን አንድ እንቆቅልሽ ጻፉልኝ፤ በየትኛውም ቋንቋችን ይሁን። መልሱን ግን አትጻፉ! እኔም አንዱን ልጀምር፦

እንቆቅልሽ! ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውላል፣ ማታ በገመድ ታስሮ ይጠባል። ምንድን ነው?

ያላወቀ አገር ይስጠኝ። ጎንደርና ሐረር ተይዘዋል፤ ሌላ አምጡ።

መልካም ምሽት፣ ወዳጆቼ። ልጆቹን ሳሙልኝ።